1 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ የነርቭ ምልክት 10 ማይክሮሰከንድን እንዴት ይለያል?

ሸገር ፊዚክስ

ሰላም ለመድረኩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የድምፅ ሞገድ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼ የማይቀር ጥያቄ አላቸው። ዓይናችንን ጨፍነን ድምፅ ከየት እንደመጣ እንዴት እናውቃለን? እኔም ድምፁ ሁለቱ ጆሮዎች ጋ እኩል እንደማይደርስ እነግራቸዋለሁ። ቁጥሩን ቁጭ ብዬ ስሠራው ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ልክ ከጎናችን ቢመጣ ራቅ ያለው ጆሮ ጋ ከ600 እስከ 700 ማይክሮሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። ከፊት ለፊታችን ትንሽ ፈቀቅ ያለ ድምፅ ከሆነ ልዩነቱ በጣም ያንሳል። ያም ሆኖ ሰው 10 ማይክሮሰከንድ ያህል ልዩነት ይለያል። በ10 ማይክሮሰከንድ ድምፅ የሚሄደው 3.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

የነርቭ ሴል የሚልከው አንድ ምልክት ደግሞ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። ከሚለካው ነገር በመቶ እጥፍ ይረዝማል ማለት ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል? የምታውቁ አስረዱኝ።

አንጎል ግንድ

ሰላም መምህር። እኔንም እዚህ ሙያ ውስጥ ያስቀረኝ ይሄው ጥያቄ ነው። ጀርመን ውስጥ ዶክትሬቴን የምሠራው በአንጎል ግንድ የመስማት ክፍል ላይ ነው። ረዘም አድርጌ ብመልስ ቅር አይበልዎ።

ዋናው ነገር ምልክቱ ምን ያህል እንደሚቆይ አይደለም። መቼ እንደሚነሳ ነው። 1 ሚሊሰከንድ የሚቆይ ምልክት የሚነሳበት ቅጽበት ግን በጣም የተወሰነ ሊሆን ይችላል።

ከጆሮ እንጀምር። ኮክሊያ በሚባለው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ውስጥ የውስጥ የፀጉር ሴሎች የሚባሉ አሉ። በሰው 3,500 ገደማ ናቸው። ሞገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲገፋቸው ኬሚካል ይለቃሉ፤ ወደ ሌላው ሲመልሳቸው ይቆጠባሉ። በዚህ ምክንያት ከነሱ የሚነሱት የነርቭ ክሮች የሚልኩት ምልክት ከሞገዱ አንድ የተወሰነ ቦታ ጋር ይገጥማል። የ500 ሄርዝ ድምፅ በየ2 ሚሊሰከንዱ ይደጋገማል። አንድ ክር በየዙሩ ላይልክ ይችላል። አንዱን ዙር ዘሎ በሚቀጥለው፣ ሁለት ዘሎ በሦስተኛው ሊልክ ይችላል። በላከ ቁጥር ግን የሞገዱ ያው ቦታ አካባቢ ነው። ይሄ መገጣጠም በድመት እስከ 4 ወይም 5 ኪሎሄርዝ ድረስ ይታያል። ከዚያ በላይ ይጠፋል።

አንድ ክር በሰከንድ 4,000 ጊዜ መላክ አይችልም። ብዙ ክሮች ተቀባብለው ግን ይችላሉ። ዌቨርና ብሬይ የሚባሉ አሜሪካውያን በ1930 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያነሱት ሐሳብ ነው። ጉባኤ ላይ ሕዝቡ ከመዝሙር ጋር ሲያጨበጭብ አንዱ ምት ቢያመልጠው፣ ሌላው ትንሽ ቢቀድም፣ የጭብጨባው ምት አይጠፋም። የነርቭ ክሮቹም እንደዚያ ናቸው።

አሁን ወደሚገርመው ክፍል ልምጣ። ክሮቹ አንጎል ግንድ ሲደርሱ ቡሺ ሴል ከሚባሉ ሴሎች ጋር ይገናኛሉ። መገናኛው እንደ ሌላው የአንጎል ክፍል ትንሽ ነጥብ አይደለም። የክሩ ጫፍ ሰፍቶ የሴሉን አካል ያቅፈዋል። በአንድ ሴል ላይ የተለያዩ ክሮች ስለሚያርፉ፣ ሴሉ የሚነሳው እነሱ ሲገጣጠሙ ነው። በ1994 የታተመ የድመት ጥናት እንዳሳየው፣ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ የቡሺ ሴሎች ምልክት ከመጣበት ነርቭ ይልቅ ከሞገዱ ጋር ይበልጥ ይገጥማል። ልብ ይበሉ መምህር፣ ምልክቱ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እየተዛባ ይሄዳል ብለን እንጠብቃለን። እዚህ ግን ይጠራል።

ሴሎቹ ራሳቸውም ፈጣን ናቸው። ሽፋናቸው ላይ ቶሎ የሚከፈቱ የፖታሲየም በሮች በብዛት አሉ። ምልክት እንደገባ ወዲያው ያስወጡታል። ኮርቴክስ በሚባለው የአንጎል የላይኛው ክፍል ውስጥ ያለ ተራ ሴል የገባበትን ነገር ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ይይዛል። ኦክቶፐስ ሴል የሚባለው ደግሞ በአይጥ 0.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። ከብዙ ክሮች የሚመጣው ምልክት በዚያች ቅጽበት ተገጣጥሞ ካልደረሰ አይነሳም።

በመጨረሻ ከግራም ከቀኝም የመጡት የቡሺ ሴል ክሮች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ቦታው በአጭሩ ኤምኤስኦ ይባላል። እዚያ ያለው ሴል ሁለት ዋና ቅርንጫፍ አለው። አንዱ ከግራ ጆሮ ይቀበላል፣ ሌላው ከቀኝ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ብዙ ይልካል፣ ካልተገጣጠሙ ዝም ይላል። 10 ማይክሮሰከንድን አንድ ሴል ለብቻው በአንድ ምልክት አይለካትም። ብዙ ሴሎች፣ ብዙ ዙር፣ ተደምሮ ነው የምትገኘው።

መጽሐፍ ወዳጅ

በጣም ግሩም ማብራሪያ ነው፤ እናመሰግናለን። ዩኒቨርሲቲ እያለን የተማርነው ግን ከዚህ አንድ ነገር ይጨምራል። ሎይድ ጄፍረስ በ1948 ባቀረበው ሞዴል ከግራና ከቀኝ የሚመጡት ክሮች ርዝመታቸው ደረጃ በደረጃ ይለያያል። ድምፁ ከግራ ከመጣ የግራው ምልክት ረጅሙን መንገድ ሄዶ ከቀኙ ጋር አንድ የተወሰነ ሴል ላይ ይገጥማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴል የአንድ አቅጣጫ ሴል ነው። እንደ ካርታ ተሰልፈዋል። መጽሐፉ ላይ ሥዕሉ ሁሉ ነበረ። ያ ነገር ትክክል ነው አይደለም?

አንጎል ግንድ

ለጉጉት ትክክል ነው። ማሳካዙ ኮኒሺና ባልደረቦቹ ነጭ ፊት ባለው ጉጉት ላይ ለብዙ ዓመት ሠርተዋል። ካትሪን ካርና ኮኒሺ በ1990 ክሮቹ ልክ ጄፍረስ እንዳለው ቀስ በቀስ እየዘገዩ ሲሄዱ አሳይተዋል። በጣም የሚያምር ሥራ ነው። ችግሩ መጻሕፍቱ ያንን የጉጉት ሥዕል ወስደው ለአጥቢ እንስሳ ሁሉ ማድረጋቸው ነው። ይሄ እኔን በጣም ነው የሚቆጨኝ። ተማሪ ሳይጠይቅ ይቀበለዋል።

አጥቢ እንስሳት ላይ የተገኘው እንዲህ ነው። በ2001 ማክአልፓይንና ባልደረቦቹ ጊኒ ፒግ ላይ የለኩት የእያንዳንዱን ሴል ተመራጭ መዘግየት ነው፤ ማለትም ሴሉ ከሁሉ በላይ ምልክት የሚልክበትን የሁለቱ ጆሮዎች የጊዜ ልዩነት። የጄፍረስ ካርታ ካለ ተመራጭ መዘግየቶቹ ጭንቅላቱ በሚፈቅደው ክልል ውስጥ ተበታትነው መገኘት ነበረባቸው። አልተገኙም። ይልቁንም ሴሉ ከሚሰማው ፍሪኩዌንሲ ጋር አብረው ይለዋወጣሉ። ወደ አንድ ስምንተኛ ዙር አካባቢ ይሰበሰባሉ።

በቁጥር እንየው። የ500 ሄርዝ አንድ ዙር 2,000 ማይክሮሰከንድ ነው። ስምንተኛው 250 ማይክሮሰከንድ ይሆናል። እዚህ የምንሠራባት ጀርቢል የምትባል ትንሽ የበረሃ አይጥ አለች። ጭንቅላቷ የሚፈጥረው ትልቁ ልዩነት ከ120 እስከ 130 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። ታዲያ ተመራጭ መዘግየቱ 250 የሆነ ሴል ምን ይጠቅማታል? በተፈጥሮ እዚያ የሚደርስ ድምፅ የለም!

የሚጠቅማት ሴሉ ከሁሉ በላይ የሚልክበት ጫፉ አይደለም፣ ዳገቱ ነው። ሴሉ የሚልከው ምልክት ብዛት በፍጥነት የሚለዋወጠው ከጫፉ በፊት ባለው ዳገት ላይ ነው። ዳገቱ ደግሞ በትክክል ዜሮ ላይ፣ ማለትም ፊት ለፊት ላይ ይወድቃል። ድምፁ ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ሲል በግራው የአንጎል ወገን ያሉት ሴሎች ምልክት ይጨምራል፣ የቀኙ ይቀንሳል። አንጎል ሁለቱን ወገን ያወዳድራል። ሰውም አቅጣጫን ከሁሉ የተሻለ የሚለየው ፊት ለፊት ነው፣ 1 ዲግሪ ያህል ድረስ።

ጫፉን ወደዚያ የገፋው ምንድን ነው? በ2002 ብራንድ፣ ግሮተና ሌሎች ጀርቢል ላይ የሠሩት ሥራ አለ። ወደ ኤምኤስኦ ሴል የሚመጣው ቀስቃሽ ምልክት ብቻ አይደለም። ግላይሲን በሚባል ኬሚካል የሚሠራ፣ ሴሉን ዝም የሚያሰኝ ገቺ ምልክትም ይመጣል። ያንን ገቺ ምልክት ስትሪክኒን በሚባል መርዝ ሲያጠፉት ሴሉ የሚልከው ምልክት በዛ። ጫፉም ወደ ዜሮ ተመለሰ። ስለዚህ መዘግየቱን የሚሠራው የክር ርዝመት ሳይሆን ገቺው የሚደርስበት ሰዓት ነው አሉ።

ገቺው የሚያልፍበት መንገድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ሃንስ ሄልድ በ1893 የገለጸው ካሊክስ የሚባል መገናኛ አለ። በአጥቢ እንስሳ አንጎል ውስጥ ካሉት ትልልቅ ሲናፕሶች (የነርቭ መገናኛዎች) አንዱ ነው። አንድ ክር አንድ ሴልን ብቻ አቅፎ ይይዛል። ተጨማሪ ሴል ላይ ማለፍ እያለበት ገቺው ምልክት የሚፈጥነው ክሩ ወፍራም ስለሆነና መገናኛው ስለማይስት ነው። የማየሊን ሽፋኑ ቁርጥራጮች ርዝመትና የክሩ ውፍረት ክሩ በሚሸከመው ፍሪኩዌንሲ መሠረት እንደሚለያዩም በ2015 ታይቷል።

ኤሌክትሮድ

ወንድሜ፣ ጥሩ ብለሃል፤ ግን የ2002ቱን እንደ መጨረሻ ቃል አድርገህ አትንገራቸው። እኔም ኤምኤስኦ ላይ ሠርቻለሁ። እነዚህን ሴሎች ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነው። ብዙ ሴሎች በአንድነት ከሚፈጥሩት ትልቅ ቮልቴጅ መሐል የአንዱን ሴል ትንሽዬ ምልክት ነው የምታድነው። ከውጪ ሆነህ የምትቀዳው ነገር ሴሉ ውስጥ የሚካሄደውን አይነግርህም።

በ2013 ሮበርትስ፣ ሲማንና ጎልዲንግ የአንጎል ቁራጭ ላይ ሆነው ሁሉንም ግብአት በተፈጥሮው ሰዓት እንዲደርስ አድርገው ሞከሩት። ገቺው ምልክት የመገጣጠሚያውን የጊዜ መስኮት አጠበበው። ጫፉን ግን አንተ በምትለው መጠን አላንቀሳቀሰውም። በዚያው ዓመት ቫን ደር ሃይደንና ባልደረቦቹ በሕያው ጀርቢል ውስጥ ከሴሉ ቀርበው ቀዱ። ከሁለቱ ጆሮዎች የሚመጣው ነገር በቀላሉ ሲደመር አገኙት። በ2015 ደግሞ ፍራንከን፣ ጆሪስና ሌሎች መዘግየቱ ከሴሉ ከራሱ ባሕርይ ሊመጣ እንደሚችል አሳዩ። ሴሉ ከትንሽ ቅጽበት በፊት የደረሰበት ነገር በሮቹን ይለውጣቸዋል፤ ያ ለውጥ የሚቀጥለውን መገጣጠም ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል።

ድመት ላይ የክር ርዝመት ልዩነት እንዳለ የሚያሳዩ የአናቶሚ ሥራዎችም አሉ። ስለዚህ ጄፍረስን ከነአካቴው መቅበር ተገቢ አይደለም።

አንጎል ግንድ

እነዚህን ሥራዎች አውቃቸዋለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ቁራጩ ላይ የተሠራውን ግን በጥንቃቄ ነው የማየው። እዚያ ገቺው የሚደርስበት ሰዓት በሕያው እንስሳ ካለው ጋር አንድ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። በሕያው እንስሳ ውስጥ ያ ሰዓት ራሱ ነው የሚያከራክረን። ሁላችንም የምንስማማበት ነገር ግን አለ። በትንንሽ አጥቢዎች ላይ የተለኩት ተመራጭ መዘግየቶች ካርታ አይሠሩም፤ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚወስናቸው። ለመምህር ክፍል የሚሆነው ይሄ ነው።

ኤሌክትሮድ

በዚህ እስማማለሁ። መምህር፣ ለተማሪዎችዎ ጉጉቱን ከጄፍረስ ጋር፣ ጀርቢሏን ከዳገቱ ጋር አድርገው ቢያስተምሯቸው ብዙ መጽሐፍ ከሚነግራቸው በላይ አወቁ ማለት ነው።

ሚክሰር ቤት

እኔ ሳውንድ ነው የምሠራው፤ አዳራሽ፣ ኮንሰርት፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ። ስለ ነርቭ አላውቅም፤ ስለ ሰዓት ግን እጄ ላይ ያለ ነገር ነው። ረጅም አዳራሽ ሲሆን ከኋላ ላሉት ሰዎች ሌላ ስፒከር እንሰቅላለን። የኋላውን ካላዘገየነው ሰው ሰባኪውን ከፊት እያየው ድምፁ ከጎኑ ካለው ስፒከር ይመጣበታል። ስለዚህ በየሜትሩ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ እናዘገየዋለን፤ ከዚያ ላይ ትንሽ፣ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ እንጨምራለን። ወዲያው ድምፁ ሁሉ መድረኩ ላይ ይሄዳል! ከጎኑ ያለው ስፒከር እየጮኸ፣ ሰውየው ድምፁን ከፊት ነው የሚሰማው። ከመጠን በላይ ካዘገየሁት ደግሞ ገደል ማሚቶ ይሆናል።

ይሄን የሚያደርገውም የምትሉት ክፍል ነው?

አንጎል ግንድ

አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። የነገርከን ነገር በ1949 በዋላክና በባልደረቦቹ፣ እንዲሁም በሃስ ተጠንቷል። መጀመሪያ የደረሰው ድምፅ አቅጣጫውን ይወስናል፣ ተከታዩ ድምፁን ያወፍረዋል እንጂ የራሱ አቅጣጫ አይሰማም። በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ያሉ ሴሎች ለመጀመሪያው ድምፅ ምላሽ ከሰጡ በኋላ ለተከታዩ የሚሰጡት ምላሽ ለአጭር ጊዜ ይታፈናል። ቶም ዪን በ1994 ድመት ላይ አሳይቶታል። ክፍል ውስጥ ስናወራ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ አቅጣጫ የማያምታታን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አንተ አዳራሽ ውስጥ የምትጨምራት 10 ሚሊሰከንድ የሰዉን አንጎል ያንን እንዲያደርግ ታስገድደዋለች።

እናት ከሜሪላንድ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከእናንተ ጋር የምመጥን እውቀት የለኝም። ግን «ሰዓት» ስትሉ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ልጄ ያለጊዜዋ ነው የተወለደችው። ሰውነቷና ዓይኗ ቢጫ ሆኖ መብራት ሥር ቆይታለች። ከሆስፒታል ስንወጣ የጆሮ ምርመራ ተደርጎላት «አልፋለች» አሉን። እኔም አመንኩ። ስትጠራ ትዞራለች። በር ሲዘጋ ትደነግጣለች። ቃል ግን አልመጣም። ዘመድ ሁሉ «ሁለት ቋንቋ ስለምታናግሯት ነው፣ ትንሽ ጠብቁ» ይለናል። በኋላ ሌላ ቦታ ወስደናት አንዷ ባለሙያ ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ አድርጋ ለካቻት። ጆሮዋ ይሠራል አለች፤ ነርቯ ግን ምልክቱን በሥርዓት አያደርስም። ኦዲቶሪ ኒውሮፓቲ አለችን።

አሁን ትልቅ ሆናለች፣ ጎበዝ ናት። ድምፅ ትሰማለች። ቤት ጸጥ ሲል ትንሽ ይገባታል። ልደት ላይ፣ ሰው ሲበዛ ምንም። የሚገርመኝ ግን አማርኛችን ላይ የሚሆነው ነው። «ዋና» ላልቶ የውኃው፣ ጠብቆ ዋነኛው ማለት ነው አይደል? እሷ ሁለቱን በጆሮዋ አትለያቸውም። ከንፈሬን አይታም አትለያቸውም። ሁለቱም አንድ ናቸው ለሷ። ምክንያቱ ይሄ የምትሉት ሰዓት ነው?

የጆሮ ምርመራ

እህቴ፣ ስለጻፉልን በጣም አመሰግናለሁ። በኦዲዮሎጂ ነው የምሠራው። የእርስዎ ታሪክ ብዙ ወላጅ የሚያልፍበት ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ለሕፃናት ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ። አንደኛው ኦኤኢ ይባላል። ጆሮ ውስጥ ትንሽ መሣሪያ ገብቶ፣ የውጪ የፀጉር ሴሎች ራሳቸው የሚመልሱትን ደካማ ድምፅ ይለካል። ቀላልና ፈጣን ነው። የሚነግረን ግን ስለ ሴሎቹ ብቻ ነው። ከነሱ ወዲያ ነርቩ ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። ልጅዎ «አልፋለች» የተባለችው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ኤቢአር ነው። ጄዌትና ዊሊስተን በ1971 በዝርዝር የገለጹት ነው። ጆሮ ላይ አጭር ጠቅታ ይሰማል፤ ጭንቅላት ላይ የተለጠፉ ኤሌክትሮዶች የሚመጣውን ይቀዳሉ። ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ተራ በተራ ሞገዶች ይታያሉ። የመጀመሪያው በ1.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ከመስማት ነርቭ ይነሳል። አምስተኛው በአዋቂ ሰው ከ5.5 እስከ 6 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይመጣል። አንዱ ጆሮ ከሌላው በ0.4 ሚሊሰከንድ ያህል ቢዘገይ እንኳ ነርቩ ላይ እጢ እንዳይኖር እንጠረጥራለን።

እነዚህ ሞገዶች የሚታዩት በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች አብረው ሲነሱ ብቻ ነው። የልጅዎ ክሮች ምልክት ይልካሉ፣ ግን አብረው አይደለም። ሲደማመር ይሰራረዛል። ወረቀቱ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ይወጣል። ልጅቷ ግን በር ሲዘጋ ትሰማለች። ወላጅ «እየሰማችኮ ነው» ቢል ልክ ነው። ሐኪም «ነርቯ ሥርዓት የለውም» ቢልም ልክ ነው።

አርኖልድ ስታርና ባልደረቦቹ ለሕመሙ ያንን ስም የሰጡት በ1996 ነው። ያለጊዜ መወለድና ከባድ ቢጫነት ዋና ዋናዎቹ መነሻዎች ናቸው። ቢጫነቱን የሚያመጣው ቢሊሩቢን የሚባል ንጥረ ነገር ሲበዛ የመስማትን ነርቭና የአንጎል ግንዱን ይጎዳል። ለዚህ ነው አሜሪካ ውስጥ ያለው መመሪያ በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከ5 ቀን በላይ የቆየ ሕፃን በኤቢአር እንዲመረመር የሚያዘው። አገር ቤት ያላችሁም ሆነ ውጪ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ያለጊዜው ከተወለደ ወይም ቢጫ ሆኖ ከታከመ «በየትኛው መሣሪያ ነው የታየው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አልፏል» የሚለውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

አንጎል ግንድ

የእናትን ጥያቄ ልጨምርበት። አዎ፣ ምክንያቱ ሰዓት ነው። ላልቶና ጠብቆ የሚነገረውን «ና» የሚለየው የድምፁ ቆይታ ነው እንጂ ከፍታው ወይም ቅጥነቱ አይደለም። አንጎል ያንን ለመለካት ድምፁ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ በትክክል ማወቅ አለበት። በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ለቆይታ የተመደቡ ሴሎች አሉ። ካሴዴይና ባልደረቦቹ በ1994 የሌሊት ወፍ ላይ ነው ያገኟቸው፤ በኋላ በሌሎች አጥቢዎችም ታይተዋል። አንዳንዱ ሴል ለአጭር ድምፅ ብቻ ይነሳል፤ ድምፁ ሲረዝም ዝም ይላል። እዚህም ገቺው ምልክት መቼ እንደሚጀምርና እንደሚያበቃ ነው ሥራውን የሚሠራው።

ነርቩ መነሻውንና መድረሻውን አደብዝዞ ካመጣ እነዚህ ሴሎች የሚለኩት ነገር የላቸውም። ጤነኛ ጆሮ በድምፅ መሐል ያለችን የ2 ወይም የ3 ሚሊሰከንድ ዝምታ ይለያል። ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከዚያ እጅግ የረዘመ ክፍተት ይፈልጋሉ። የልጅዎ ትጋት አነሰ ማለት አይደለም። የሚደርሳት ነገር ነው የደበዘዘው።

መጽሐፍ ወዳጅ

እናት፣ እግዚአብሔር ያበርታዎት። የጆሮ ምርመራ፣ መድኃኒት የለውም ወይ? ስለ ጂን ሕክምና የሆነ ነገር ዜና ላይ ሰምቼ ነበር።

የጆሮ ምርመራ

ያ ለአንድ ዓይነት ብቻ ነው። ኦቶፈርሊን የሚባል ፕሮቲን አለ። የውስጥ የፀጉር ሴል ኬሚካሉን በሰዓቱ እንዲለቅ የሚያደርግ ነው። ጂኑ ከተበላሸ ሴሉ ድምፁን ይቀበላል፣ ግን ለነርቩ አያቀብልም። በጥር 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታተመ ሥራ፣ ሻንጋይ ያሉ ሐኪሞች ጤናማውን ጂን በቫይረስ አድርገው ለስድስት ልጆች ሰጥተው አምስቱ መስማት ጀምረዋል። ትልቅ ነገር ነው። በቢጫነት ለተጎዳ ነርቭ ግን ይሄ አይሆንም፤ የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ቤተሰብ ውስጥ ሌላ ልጅ ካለ ወይም መነሻው ካልታወቀ የጂን ምርመራ ቢደረግ ጥሩ ነው።

ሸገር ፊዚክስ

የጀመርኩት ጥያቄ እዚህ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። አባቴ 70 አልፈዋል። ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስናወራ ሁሉንም ይሰማሉ። ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ላይ ግን ዝም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ተመርምረው «ለዕድሜያቸው ደህና ነው» ተባልን። እሳቸውም ከሰው መሐል መቀመጥ እየተዉ ነው።

የጆሮ ምርመራ

መምህር፣ የተለመደው ምርመራ የሚጠይቀው «ይህን ትንሽ ድምፅ ሰማህ ወይስ አልሰማህም» ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ። ትንሽ ድምፅ ለመስማት ጥቂት የነርቭ ክሮች ይበቃሉ። በጫጫታ መሐል አንድን ሰው ለይቶ ለመስማት ግን ብዙ ክሮች በሰዓታቸው መነሳት አለባቸው።

ኩጃዋና ሊበርማን በ2009 አይጦችን ለከባድ ጫጫታ አጋልጠው ነበር። ከቀናት በኋላ ጆሯቸው ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሴሎቹም አልሞቱም። በሴሎቹና በነርቩ መሐል ያሉት መገናኛዎች ግን በተጎዳው አካባቢ እስከ ግማሽ ድረስ ጠፍተው ተገኙ፣ አልተመለሱምም። በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚከሰት እየተጠና ነው። በዕድሜ ደግሞ ገቺው ምልክትም ይደክማል፤ ያኔ አንጎል ሰዓት መለየቱ ይቀንሳል።

ለአባትዎ የንግግር በጫጫታ ምርመራ ይጠይቁላቸው። ቤት ውስጥ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ሆናችሁ፣ ረጋ ብላችሁ አውሯቸው። ቴሌቪዥኑን ዝጉት። ሠርግ ላይ ከስፒከር ራቅ ብሎ ግድግዳ ጥግ አስቀምጧቸው፤ ከአንድ ወገን ጫጫታው ይቀንስላቸዋል። መጮኽ አይጠቅማቸውም።

ሚክሰር ቤት

ይሄን የሳውንድ ልጆች ሁሉ ያንብቡት። እኛ ሞኒተር ስፒከር ሥር ውለን አድረን «ጆሮዬ ይጮኻል፣ ጠዋት ይለቀኛል» ነው የምንለው። መልቀቁ ደህና መሆን አይደለም ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከኔ ጋር የሚሠራ ሁሉ የጆሮ መድፈኛ ያደርጋል።

እናት ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ትጋት አነሰ ማለት አይደለም» የሚለውን ለባለቤቴ አነበብኩለት። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። በሁለቱም ጆሮ ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባለውን በቀዶ ሕክምና የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ ሊያደርጉላት ነው። ከዚያ በኋላ ከየት እንደምጠራት ታውቃለች? መንገድ ላይ መኪና ከየት እንደሚመጣ ያስጨንቀኛል።

የጆሮ ምርመራ

ብዙ ኦዲቶሪ ኒውሮፓቲ ያለባቸው ልጆች በኢምፕላንት ንግግር በጣም ይሻሻላሉ። መሣሪያው በኤሌክትሪክ ምት ክሮቹን አብሮ ስለሚያስነሳ ነው። ውጤቱ ግን ነርቩ በተጎዳበት መጠን ይለያያል።

አቅጣጫን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ። ሁለት ኢምፕላንት ከአንድ ይሻላል። ልጆቹ በአብዛኛው የሚጠቀሙት ግን የድምፁን ጥንካሬ ልዩነት ነው። ወደ መኪናው የቀረበው ጆሮ የበለጠ ይሰማል። ስለዚህ ከቀኝና ከግራ መለየት ትማራለች። የማይክሮሰከንዱን ልዩነት ግን አብዛኞቹ የዛሬ መሣሪያዎች በሚገባ አያደርሱም። ብዙዎቹ በየኤሌክትሮዱ በሰከንድ 900 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ምት በቋሚ ፍጥነት ይልካሉ፤ ምቱ ከሞገዱ ጋር አይገጥምም። የግራውና የቀኙም እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሰዓት ነው የሚሄዱት።

አንጎል ግንድ

እዚህ ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ የሚባለው፣ ደንቆሮ ሆኖ የተወለደ አንጎል ይህን ችሎታ በልጅነቱ ስላጣው አይመለስለትም ነበር። በ2021 የታተመ የአይጥ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። አይጦቹ ከተወለዱ ብዙም ሳይቆይ መስማት እንዲያጡ ተደረጉ። ካደጉ በኋላ በሁለቱም ጆሮ ኢምፕላንት ገባላቸው። ልዩነቱ የሁለቱ መሣሪያዎች ምት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በትክክል የተገጣጠመ መሆኑ ነው። አይጦቹ 50 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ልዩነት መለየት ቻሉ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ በአንጎሉ ላይ የተላከከው ጉድለት፣ ቢያንስ በከፊል የመሣሪያው ሊሆን ይችላል።

እናት ከሜሪላንድ

የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ለሐኪሙ የማነሳውን ጽፌ ይዣለሁ። ሁለቱ መሣሪያዎች ሰዓታቸው ይገጣጠማል ወይ፣ ካልተገጣጠመስ ወደፊት ቀዶ ሕክምና ሳይደገም በውጪው ክፍል ብቻ ማሻሻል ይቻላል ወይ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስገባቱ ይሻላል ወይስ በየተራ። ሌላ የምጨምረው ካለ ንገሩኝ።

የጆሮ ምርመራ

አንድ ይጨምሩ፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነርቩን ውፍረት የሚያሳይ ኤምአርአይ መነሳቷን ይጠይቁ። ሌላው የጻፉት ሁሉ ጥሩ ነው።